ሐያት አፏን የዘጋችበት ዓመት

አሰብን የለቀቅን ማታ ሐያት አንድ ሙሉ ዓሣ በላች። ጎረቤታችን የጠበሰችው ነበር፣ ከሆዱ ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ የተገለጠ። ልጅቷ መሬት ቁጭ ብላ እሾሁን በሁለት እጇ እየለቀመች እስከ ጭራው ድረስ ጨረሰችው። እኔ ዕቃ እያሰርኩ ስለነበር ልብ ብዬ አላየኋትም። በኋላ ግማሽ ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ ስትቀመጥብኝ ነው ምነው ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ባየኋት ኖሮ ያልኩት። ያን ማታ ያየሁት ገመዱን ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ከአሰብ ወጥታችሁ ኮምቦልቻም፣ ናዝሬትም፣ አዲስ አበባም ለተበተናችሁ፣ ልጆቻችሁ በአዲሱ አገር አልበላም ላሏችሁ ነው። ብዙ እንደሆናችሁ ሰምቻለሁ። ወሎ ያላችሁ ዘመዶቼም «ልጅቱን ምን አድርገሻት ነው እንዲህ የከሳችው» ብላችሁ ሰው ልካችሁብኛልና መልሱ ይኸው። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው አሰብ ሰጊር የሚባለው ሰፈራችን፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የተጣመመ ካያችሁ አልፋችሁ አንብቡ።

ወደቡ ሥራ ካቆመ ሰንብቶ ነበር። በሁለቱ አገሮች መሃል ጠቡ ከተነሳ ወዲህ የእኛ አገር ዕቃ በዚያ ማለፉ ቀረ። ባለቤቴ ሰይድ የወደብ ጫኝና አውራጅ ነበርና መርከቦቹ ወደ ጅቡቲ ሲዞሩ እሱም በጀልባ ተከትሏቸው ሄደ። «አንቺና ልጅቷ አዲስ አበባ ግቡ፣ እኔ ቦታ ስይዝ እጠራችኋለሁ» አለኝ። እሱ ሲናገረው ቦታ መያዝ ማለት ወረፋ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ እንደመሄድ ይቀል ነበር።

ከሄደ በሳምንቱ እኔና ሐያት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተሳቢ መኪና ላይ ወጣን። በዚያ በረሃ ቀን አይኬድም። ከጆንያ ላይ ተደርድረን ስንሄድ ሁሉም ሰው ልጁን አቅፎ ነበር፣ ዶሮ ያቀፈም አለ። ልጅቷ የአራት ዓመት ልጅ ናት፣ መኪናው ሲወዛወዝ ያን ዓሣ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ውሃም እንቢ አለች።

ፈራሁ። ከሐያት በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ፣ አንዱን በተቅማጥ፣ ሁለተኛዋን በምን እንደሆነ ሳላውቅ። ሎግያ ስንደርስ አንዲት ሴት የፍየል ወተት ሰጠችኝ፤ ሐያትን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ አፍንጫዋን ይዤ፣ በመዳፌ እያንቆረቆርኩ ጋትኳት። እናቴ እኔን የጋተችኝ እንዲህ ነው፣ አያቴም እናቴን። የሚጋት ሕፃን ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ አፉ ይከፈታል፣ ሲከፈት ይገባል። ሐያት ግን ሕፃን አልነበረችም፣ ጥርስ ነበራት። ይህን አላሰብኩበትም። ከመዳፌ ላይ ያለውን ምልክት አሁንም ማየት ይቻላል።

አዲስ አበባ የገባነው ሐምሌ ነው። አሰብ ላይ ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ጣራ ላይ ይተኛል። እዚህ ደግሞ ሰው ከነካፖርቱ ይተኛል ብለው ነግረውኝ ነበር፣ እውነት ነው። በደረስን በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደ። ሐያት ወጥታ ከደጃፉ ላይ እየለቀመች በላች። በዚያ ወር በፈቃዷ የበላችው ምግብ ይኸው ነው።

ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ የአገሬ ልጆች ነበሩ፤ እነሱ ዘንድ በርበሬ እቀነጥሳለሁ፣ ቤቱንም የፈለጉልኝ እነሱ ናቸው። ከሲኤምሲ ወረድ ብሎ ካለ ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት የሰርቪስ ክፍል። ባለቤቷ እትዬ አረጋሽ ይባላሉ፣ ባላቸው የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ፣ ከጎንደር የመጡ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው መረመሩኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«ባልሽስ?»

«ጅቡቲ።»

«ልጅቷ ትረብሻለች?»

«አትረብሽም እትዬ፣ ጉልበት የላትም።»

«ክፍሉ ውስጥ ከሰል አታነጂም። ግድግዳ ላይ ምስማር አትመቺም። የሚጠበስ ነገር ሽታ አልወድም።»

«እኛ ዘንድ የሚጠበስ የለም» አልኩ። ሰይድ ገንዘብ እስኪልክ ማለቴ ነበር፣ እሳቸው ግን በጣም ደስ አላቸው።

ከዚያ ቀበሌ ሄድኩ። ጤና ጣቢያ ካርድ ለማውጣት ከቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል ተብዬ ነው። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ቀና ሳይል፣

«መሸኛ» አለኝ።

«የምን መሸኛ?»

«ከነበሩበት ቀበሌ የለቀቁበት።»

«የነበርኩበት ቀበሌ እኮ አሁን ሌላ አገር ሆኗል።»

«ስለ አገር አልጠየቅኩም። መሸኛ ነው ያልኩት።»

«ማን ይስጠኝ?»

«የነበሩበት።»

«ተመልሼ ልሂድ?»

«እሱ የርስዎ ጉዳይ ነው።» ያን ጊዜ ቀና ብሎ ሐያትን አያት። «ይቺ ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?»

«አትበላም።»

«ያብሏታ» አለ። ወረቀት ከመስጠት ይቺን ምክር መስጠት ቀለለው።

በመጨረሻ እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ጠረጴዛው ፊት ቆመው «መሸኛዋ እኔ ነኝ፣ ጻፍ» አሉት። ጻፈ። እንዲህ ያሉ ሴት ናቸው።

ልጅቷን በተመለከተ ያላደረግኩት የለም። እንጀራ ስሰጣት ይጎመዝዛል ትላለች፤ አሰብም እንጀራ ነበር፣ ግን እሷ ያደገችው በሩዝና በየመኖች ዳቦ ነው። ሩዝ ስቀቅል ይሄ ሌላ ሩዝ ነው ትላለች። ሾላ ዓሣ የሚያመጣ ሰው አለ ሲሉኝ ሁለት ቀን ጠብቄ አገኘሁት፣ ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ነው። እትዬ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቄ ጠበስኩት። ሐያት አጎንብሳ አሸተተችው።

«እማ፣ ይሄ ዓሣ ባሕር አያውቅም» አለችኝ።

ለብቻዬ በላሁት። እውነቷን ነው።

ከዚያ በኋላ መጋቱን አጠነከርኩ። ጠዋት አጥሚት፣ ቀን እንቁላል የተመታበት ወተት፣ ማታ ሾርባ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትግል ነው። እሷ ድስት ሲከደን ስትሰማ አልጋ ስር ትገባለች። እኔ እግሯን ይዤ እጎትታለሁ። እየማልኩ እለምናታለሁ፣ በሞቴ እላታለሁ፣ በአባትሽ ሞት እላታለሁ፣ ከዚያ አፍንጫዋን እይዛለሁ። የዋጠችው ግማሹ ይመለሳል፣ የተመለሰውን ምን ያህል እንደሆነ በዓይኔ እገምታለሁ፣ በዚያው ልክ እንደገና እጀምራለሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ እየገደልኳት ይሁን እያዳንኳት አላውቅም ነበር።

ሰይድ ዓርብ ዓርብ በእትዬ ስልክ ይደውላል። ስልኩ ሳሎን ነው፣ በዳንቴል የተሸፈነ፣ እንዳንደውል ትንሽ ቁልፍ የተቆለፈበት፣ ሲደወል ግን ይነሳል።

«ሐያት ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«ምን?»

«ያለውን።»

«ወፈረች?»

«አድጋለች» እለዋለሁ። ይቺ ውሸት አልነበረችም። ቁመቷ ጨምሮ ነበር፣ በዚያው ልክ ቀጠነች እንጂ።

ኅዳር ላይ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ በዕድሜ ከኔ ታንሳለች፣ ልጅቷን ሚዛን ላይ አቁማ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ምን ትበላለች?»

«ምንም።»

«ምንም የማትበላ ልጅ በእግሯ አትመጣም። ምን ትበላለች?»

«የምግታትን።»

ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች። «በአራት ዓመቷ ትጋቻታለሽ?»

«ካልጋትኳት ትሞታለች።»

«ፕሮቲን ያንሳታል።»

«የት ይሸጣል?»

«እንቁላል ነው። ምስር ነው። ባቄላ ነው።»

«እነሱንማ ተፍታቸዋለች።»

እንግዲህ ሲስተር የነገረችኝን እንዳለ እጽፋለሁ፣ ለእናንተም ይጠቅማችኋልና። አትጋቻት አለች። በሰዓቱ አቅርቢላት፣ ትንሽ አድርገሽ። ብዪ አትበያት፣ አትለምኛት፣ አፏን አፏን አትያት። ካልበላች ሳትቆጪ አንሺው። እስከሚቀጥለው ሰዓት ብስኩትም ከረሜላም አይሰጣት። አንድን ምግብ ዛሬ እንቢ ካለች ነገም ከነገ ወዲያም ይቅረብላት፣ ልጅ ዓይኑ እስኪለምድ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል።

«ብትሞትብኝስ?»

«ከምሳ እስከ እራት ማንም አይሞትም። በወሩ ትመጫለሽ። ከዚህ ኪሎ ከወረደች ግን ሆስፒታል ትተኛለች፣ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት በዚያ ትመገባለች።»

እኔ በእጄ የምይዘውን አፍንጫ እነሱ በቱቦ ሊይዙት ነው ብዬ አሰብኩ። ታክሲ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ሐያትን አቅፌ ያን አፍንጫ ሳይ ሄድኩ።

ምክሩን ሞከርኩ። ሁለት ቀን ቆየሁ። እስቲ አስቡት፣ በእኛ ቤት ምግብ አቅርቦ ዝም ማለት ስድብ ነው። እንግዳን አንድ ጊዜ ብላ ካልነው አላልነውም፤ ሦስት ጊዜ እንለምናለን፣ እንምላለን፣ እናጎርሳለን፣ እንግዳው በቃኝ ብሎ እጁን ሲያነሳ በተነሳው እጁ ስር እንደገና እናጎርሳለን። ለገዛ ልጄ ሳህን አስቀምጬ ጀርባዬን ልሰጥ፣ ውሻ ነች እንዴ? በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጥሚቱን ይዤ አልጋ ስር ገባሁ።

ጤና ጣቢያ ከመሄዳችን ቀደም ብሎ እትዬ አረጋሽም ነገሩን ለራሳቸው ወስደውት ነበር። ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፣ ቤታቸው ውስጥ የማይበላ ልጅ መኖሩ ስማቸውን የሚያጠፋ መሰላቸው። አንድ እሑድ ቀይ ወጥ ይዘው መጡ።

«እኔ ላጉርሳት። አንቺ አታውቂበትም።»

«እትዬ፣ ሥጋ ነው እኮ።»

«ሥጋዬ ምን አለው?»

«ምንም የለውም። ያረደው ሰው ነው።»

«ያረደው ምን አለው? ከቄራ ነው።»

«የኛን እኛ ነን የምናርደው እትዬ፣ ያውቁታል።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ይቺ የራባት ልጅ ግን ታውቀዋለች?» ወጡን መልሰው ይዘው ሄዱ። ወጡ ሄዶ ቃላቸው ክፍሉ ውስጥ ቀረ።

ያስታረቀን የገና ጾም ነው። ጾሙ ሲገባ በእሳቸው ድስት ውስጥ ሽሮና ምስር ብቻ ሆነ፤ በዚያ ላይ ማን አረደው የለ። ደስ ብሏቸው ሞቅ ያለ ቅንጬ በዘይት ሠርተው መጡ፣ ሐያትን አገጯን ይዘው አጎረሷት። ሐያት ጉንጯን ነፍታ ቆየችና ነጩ ነጠላቸው ላይ ተፋችው፣ ሁሉንም። እትዬ ነጠላቸውን ዘርግተው አዩት።

«ከዛሬ ወዲህ ይቺን ልጅ ብዪ ካልኩ ምን አለች በሉኝ» አሉ። ይህን ያሉት ለእኔም ለሐያትም አይደለም፣ ለግድግዳው ነው።

ከዚያ የእኛም ረመዳን ገባ። በዚያ ዓመት የሁለታችን ጾም ተደራረበ። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይጾማሉ፣ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ሾላ መሄዱን ትቼ በርበሬውን ቤት አምጥቼ እቀነጥስ ነበር፣ ሐያትን ትቼ ለመሄድ ፈርቼ። ጾም ላይ ሆኜ ጨው መቅመስ አልችልም፣ ወተቱ መሞቁን በምላሴ ማየት አልችልም፣ እግር ለመጎተትም አቅም አልነበረኝም። የሲስተርን ምክር የተቀበልኩት አምኜበት አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። ምግቧን አስቀምጣለሁ፣ እወጣለሁ፣ ስመለስ እንዳለ አነሳዋለሁ። ልቤ ግን ቱቦውን እያሰበ ነው። ወሩ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ሐያት የሚጎትታት ሰው ስታጣ ከአልጋ ስር ወጣች። እትዬ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሳቸው ተቀይመዋት ስለነበር አላነጋገሯትም። እሷም አላነጋገረቻቸውም። ከሰፌዱ ላይ ጠጠር እየለቀመች ለብቻ ታስቀምጥ ጀመር። በማግሥቱም እንዲሁ። እትዬ ሌላ ቦታ እንድትሄድ አላሏትም፣ ሰፌዱን ግን ወደ እሷ ትንሽ ገፋ አደረጉት።

በአራተኛው ቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ እትዬ ሳህናቸውን ይዘው ወጡና እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ምስር ነው፣ የራሷ የሐያት ምስር ማለት ይቻላል። ከጠዋት ጀምሮ ያልቀመሰ ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቁታላችሁ፤ አያወራም፣ ግራና ቀኝ አያይም። እኔ ከክፍሌ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነበር። የሐያት እጅ ከጉልበቷ ላይ ተነሳች። ሳህኑ ጠርዝ ላይ አረፈች። ከእንጀራው ዳር ቆረሰች፣ ምስሩን ነካች፣ ወደ አፏ ወሰደች።

መጋረጃውን ገልጬ ልወጣ ስል እትዬ አረጋሽ ቀና ሳይሉ ግራ እጃቸውን ወደ እኔ አነሱ፣ የትራፊክ ፖሊስ መኪና እንደሚያቆም። ቆምኩ። ሐያት እንደገና ቆረሰች። እትዬ መብላታቸውን ቀጠሉ። አምስት ጊዜ ጎረሰች፣ አላጋነንኩም። ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወደ ጠጠሮቿ ተመለሰች።

በኋላ ሳህኑን ሲያጥቡ ሄድኩ።

«እትዬ፣ አይተዋታል?»

«ምኑን?»

«በላች እኮ።»

«እንጃ። እኔ የራሴን ነው የበላሁት» አሉ። ቆይተው ግን «ነገ እንጀራውን ሰፋ አድርጌ አነጥፋለሁ» አሉኝ።

ያን ቀን ማፍጠሪያዬን አቅርቤ ተቀመጥኩ። ሐያትም መጣች። ቴምሩን በላሁ፣ ሾርባውን ጠጣሁ፣ አላየኋትም። አላየኋትም ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እሷ አፍ መንገድ ሲጀምር ያዝኩት፤ የት ላድርሰው? ራሴ ጎረስኩት። እሷ ከትሪው ዳር አንድ ቴምር አነሳች፣ ፍሬውን አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያ መዳፍ ወተት ያንቆረቆርኩበት ነው። ተነስቼ ውሃ የማመጣ መስዬ ወጣሁና ከቧንቧው አጠገብ ትንሽ ቆየሁ።

እዚያ ቆሜ ነው አሰብ እያለን ሐያትን ማን ያበላት ነበር ብዬ ራሴን የጠየቅኩት። ማንም። ሰይድ ከወደብ ሲመጣ እጁን ታጥቦ ትሪው ላይ ይቀርባል፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነውና አያወራም፣ ማንንም አያይም፣ ይበላል። እሷ ጎኑ ተለጥፋ ከዳር ከዳሩ ትቆርሳለች። እኔ ልጄ ዓሣ የምትወድ ይመስለኝ ነበር። የራበው ሰው አጠገብ ተቀምጣ መብላት ነበር የምትወደው።

እንዲህ ነው ልጄ በቀን ሁለት ጊዜ መብላት የጀመረችው፣ ዘጠኝ ሰዓት ከክርስቲያኗ ጋር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከእስላሟ ጋር። ሁሉንም በላች ብዬ አልዋሽም። ወተት እስከ ዛሬ አትወድም፣ እንቁላል ሽታው ካለ ከክፍሉ ትወጣለች። አንድ ቀን ሾላ ይዣት ሄድኩና ከአትክልት ሻጮቹ ፊት የፈለግሽውን አንሺ አልኳት፤ ቀይ ሥር አነሳች። አሰብ ላይ አይታው አታውቅም። ሻጯ «ቀለሙን ወዳ ነው፣ አትበላውም» አለችኝ። ሦስት ቀን እንደ አሻንጉሊት አቅፋው ዋለች፣ አቅፋው አደረች። በአራተኛው ቀን ይቀቀል አለች። ላሰችና ተፋችው። በማግሥቱ ላሰችና አልተፋችውም። በሳምንቱ በላችው፣ እትዬም ልጅቷ የምትሸናውን አይተው ደም ነው ብለው ሊያብዱ ነበር።

ወሩ ሲሞላ ጤና ጣቢያ ተመለስን። ሐያት ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲስተር ቁጥሩን አሁንም ሁለት ጊዜ አየችው።

«ጨምራለች።»

ዓይኔን ገለጥኩ።

«አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀራት። ምን አደረግሽ?»

«ጾምን።»

«ማን?»

«ሁላችንም።»

ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች። ከመጀመሪያው ነገርኳት፣ ስለ ምስሩም፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓቱም፣ እጄ እንቢ ስለሚለኝም። ካርዱ ላይ ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም፣ ብዙ ግን አልጻፈችም። «ትሪው ላይ አብራችሁ ብሉ፣ እሷን አትዩ፣ በዚሁ ቀጥሉ» አለችኝ። ጾሙ ሲያልቅስ አልኳት። «ሲያልቅ ምሳ ሰዓት ላይ እየራበሽ ጠብቂያት» አለች።

ገና ሆነ፣ ዒድም ሆነ። ጾሙ ሲያልቅ ሁሉም ተመልሶ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠፋም፣ ግን እኔ ትንሽ ትንሽ ስቀማምስ ውዬ ምሳ ላይ ሳልራብ ከቀረብኩ ታውቅብኛለች፣ ትነሳለች። ስለዚህ ጠዋት ከሻይ ሌላ አልቀምስም። እሷ ወፍራ እኔ ቀጠንኩ፣ የቀበሌው ጸሐፊ መንገድ ላይ አይቶኝ «እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?» አለኝ።

ከዒድ በኋላ ባለው ዓርብ ሰይድ ደወለ። ሳሎን ገባሁ፣ ሐያት ዳቦዋን ይዛ ተከተለችኝ። ያን ዕለት እውነቱን ነገርኩት፣ ግማሽ ዓመት እንዳልበላች፣ እንደዋሸሁት፣ ሆስፒታል ልትገባ እንደነበር። ካለፈ በኋላ መንገር ቀላል ነው።

«አሁንስ?» አለ።

«አሁን ትበላለች። ወላሂ ትበላለች።»

«ቤት አግኝቻለሁ ሰዓዳ። አንድ ክፍል ናት፣ ባሕሩ ይሰማል። ዓሣውም ያው የምታውቁት ዓሣ ነው። ኑ።»

ልቤ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሄደ። ያን ባሕር በሌሊት ልብሴ ሆኜ በእግሬ ብሄድለት ደስ ይለኛል። ግን እንደገና መኪና፣ እንደገና በረሃ፣ እንደገና ሌላ ሩዝ። እዚያ ስትደርስ አፏን ብትዘጋስ? እዚያ ደረጃ ላይ ምስር የሚለቅም ማን አለ?

«ትንሽ ትወፍር» አልኩት።

«ስንት ትወፍር?»

ይህን ሲስተርም አልነገረችኝም። «ትንሽ» አልኩ እንደገና። ከዚያ «አንተስ እንዴት ነህ፣ ማን ያበስልልሃል?» አልኩት።

«ማንም። ቆሜ ነው የምበላው።»

«ከማን ጋር?»

«ኧረ ከማን ጋር ነው» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔንም አልበላ ብሎኛል» አለኝ።

ብላ እንጂ፣ በሞቴ ብላ ልል አፌን ከፈትኩ። ተውኩት። ሐያት ከኋላዬ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ ዳቦዋን እያኘከች ነው፣ ዞሬ እንዳላያት ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳደረግኩ ቆምኩ። በጆሮዬ እሱ መልስ እየጠበቀ ይተነፍሳል፣ በጀርባዬ እሷ ታኝካለች። መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ ሁለቱንም ሳላይ አዳመጥኳቸው።